የኪስ ሰንጢ፦ ውዱን መግዛት ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ምንጃር ሰዎች ስለ ሰንጢ ደጋግመው የሚጠይቁት እነሆ፣ ከቀላሉ ጀምሮ።

ውድ የኪስ ሰንጢ መግዛት ያዋጣል?

እስከ አንድ ደረጃ ድረስ፣ አዎ። ከዚያ በላይ ግን ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ገበያ ላይ መሬት ከተዘረጋው ርካሽ ሰንጢ ወደ መካከለኛው ስትሸጋገሩ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ። ስለቱ ይቆያል፣ መታጠፊያው አይወላለቅም፣ አያያዙም ይመቻል። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትሄዱ ግን ጥቅሙ በትንሽ በትንሹ ሲጨምር ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። መካከለኛ ሰንጢ ግዙ፤ በተረፈው ብር ደህና መሳያ ግዙ። መሳል የሚችል ሰው ኪስ ውስጥ ያለ መካከለኛ ሰንጢ፣ መሳል ከማይችል ሰው ውድ ሰንጢ የተሻለ ይቆርጣል።

«ውድ» የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው?

የብር ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በዶላር ማሰቡ ይቀላል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 በውጭ ገበያ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም። የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ የተለመዱት ሞዴሎች ከ30 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ናቸው። እንደ ስፓይደርኮና ቤንችሜድ ካሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሰንጢዎች ብዙዎቹ ከ150 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ክሪስ ሪቭ የሚባለው ደግሞ 400 ዶላር ያልፋል።

እንግዲህ እዚህ «መካከለኛ» ስል ከ20 እስከ 60 ዶላር ያለውን፣ «ውድ» ስል ከ150 ዶላር በላይ ያለውን ማለቴ ነው። በእኛ ሚዛን 200 ዶላር የወጣበት ሰንጢ የአንድ ደህና የመንዝ በግ ዋጋ ያስከነዳል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሰው ቢያስብበት ትክክል ነው።

ዋጋው የሚወደደው በምን ምክንያት ነው?

ትልቁ ምክንያት ብረቱ ነው። የሰንጢ ብረት የሚጠነክረው በውስጡ ባለው ካርቦንና በእሳት ሥራው ነው። ጥንካሬው የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው። በጣም ርካሹ ሰንጢ ብዙ ጊዜ ከ54 በታች ነው። ቪክቶሪኖክስ 56 አካባቢ ነው። ውዶቹ 60ን ይሻገራሉ። የብዙዎቹ ብረት ቀልጦ እንደ ዱቄት ከተበተነ በኋላ በሙቀትና በግፊት ተመልሶ የሚዋሃድ ነው። ማምረቻው ራሱ ብዙ ወጪ አለው። ስለቱም እውነትም ይቆያል።

ቀጥሎ የእጅ ሥራው ይመጣል። ውድ ሰንጢ ሲከፈት እንደ ቅቤ ይንሸራተታል፤ ሲከፈትም ሲታጠፍም ስለቱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የተቀረው ዋጋ የእጀታው ነው፣ የስሙ ነው። እጀታው ቲታኒየም ስለሆነ ስለቱ የተሻለ አይቆርጥም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ ውፍረቱ ነው። ብዙ ውድ ሰንጢዎች ጠንካራ እንዲመስሉ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋ ወፍራም ብረት አላቸው። በእንዲህ ያለ ሰንጢ ድንች ቁረጡ። ስለቱ ግማሽ እንደገባ ድንቹ «ቿ» ብሎ ይሰነጠቃል። በኦፒኔል ስስ ብረት ስትቆርጡ ግን ያለ ድምፅ እስከ ታች ይወርዳል። ኦፒኔሉን ለመግዛት የወጣው ገንዘብ የዚያ ሲሶም አይሞላም።

ገበያ ላይ የሚሸጠው ርካሽ ሰንጢ ችግሩ ምንድን ነው?

ብረቱ ለስላሳ ነው። ጠዋት ስላችሁት ሲባጎና የማዳበሪያ ከረጢት ስትቆርጡበት ከዋላችሁ፣ ማታ ቲማቲም እንኳ ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። ብዙዎቹ ላይ «ስቴንለስ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። የወጥ ማንኪያም ስቴንለስ ነው።

ቻይና ሠራሽ ከሆነ የብረቱ ስም ላይ አንድ ፍንጭ አለ። 3ሲአር13 የሚል ካለው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ መሆኑን ይነግራችኋል። ይህ ለሰንጢ ትንሽ ነው። 8ሲአር13 የሚል ከሆነ 0.8 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህ በአግባቡ ከተሠራ ደህና ሰንጢ ይወጣዋል። ቻይና የተሠራ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። በጣም ጥሩ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏቸው። ችግሩ እኛ ገበያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ደረጃ መሆኑ ነው።

ከብረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መታጠፊያው ነው። ምስማሩ ይላላል፣ ስለቱ ግራ ቀኝ ይወላገዳል፣ መቆለፊያው ይንሸራተታል። የደነዘ ሰንጢ ይሳላል፤ የተቆረጠ ጅማት ግን ቶሎ አይመለስም።

ስቴንለስ ይሻላል ወይስ የሚዝገው ብረት?

እንደምትኖሩበትና እንደ ፀባያችሁ ነው። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። ለሰንጢ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 13 በመቶና ከዚያ በላይ አለው። ቶሎ አይዝግም፤ ጨርሶ አይዝግም ማለት ግን አይደለም። ተራው ካርቦን ብረት ግን ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ስስ ሆኖ ይወጣል። ይሁን እንጂ እርጥብ ኪስ ውስጥ ካደረ ጠዋት ቡናማ ነጥብ ታዩበታላችሁ።

ደብረ ሲና ጉም ውስጥ ለሚውል፣ ወይም ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ጋቢ ለብሶ በግ ለሚጠብቅ ሰው ስቴንለሱን እመክራለሁ። ሽንኩርትና ሎሚ የሚቆርጡ የሸዋ ሮቢትና የምንጃር ሰዎችም እንዲሁ። ካርቦን ብረት ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሽንኩርቱንም ያጠቁራል፣ ምግቡ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ጥቁረቱ ራሱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ከቀይ ዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ግን ሁሉም ሰው አይወደውም።

ካርቦን ብረት ከገዛችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉትና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡት። የኑግ ዘይት አትቀቡ። ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ መታጠፊያውም አልከፈት ይላል።

መቆለፊያ የግድ ነው?

ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ የግድ አይደለም። ለመውጋት ወይም ለመብሳት ከሆነ የግድ ነው። ብዙ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ሰውየው ጀሪካን ሊበሳ የሰንጢውን ጫፍ ይተክላል፣ ይገፋል። ፕላስቲኩ እምቢ ይላል። የበለጠ ሲገፋ ጫፉ ባለበት ቆሞ እጀታው ይታጠፋል፣ ስለቱም በአራቱ ጣቶች ላይ ይዘጋል። ቆዳ ወይም ጠፍር ሲበሳም ያው ነው።

የተለመዱት ትናንሾቹ የቪክቶሪኖክስ ሰንጢዎች የሚቆሙት በስፕሪንግ ብቻ ነው፤ አይቆለፉም። ኦፒኔል ላይ የሚዞረው የብረት ቀለበት በ1955 የተጨመረ ነው። ቀለበቱን ስታዞሩት ስለቱ ባለበት ይቆማል። ቀላል ሥራ ነው፣ የሚበላሽም ነገር የለውም። ለእኛ አገር ሥራ ከብዙ ውድ መቆለፊያ እሱን እመርጣለሁ። ጭቃና አፈር የገባበት ውድ መቆለፊያ በደንብ ካልታጠበ ግማሽ ድረስ ብቻ ይይዝና ሲገፉት ይለቃል።

ለእረኛ ልጆች የሚታጠፍ ሰንጢ ባትሰጡ ደስ ይለኛል። ዱላ ሲቀርጹ ስለቱ ወደ እጃቸው ይመለሳል። ልጁ ለመያዝ ከደረሰ፣ የማይታጠፍ አጭር ቢላ ከነአፎቱ ስጡትና አብራችሁት ተቀምጣችሁ አሳዩት።

ስንገዛ ምኑን እንይ? ፎርጅዱንስ በምን እንለያለን?

ክፈቱና የስለቱን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ መልሱት። እጠፉትና ከላይ ተመልከቱ፤ ስለቱ የእጀታውን ጎን የሚነካ ከሆነ በየቀኑ ራሱን ያደንዛል። ከዚያ ቆልፉትና የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ ላይ አንሡ። መቆለፊያው ከለቀቀ ምንም ያህል ቢያምር አይሆንም። በመጨረሻ የጋዜጣ ወረቀት ቁረጡበት። አዲስ ሰንጢ ወረቀት ከቀደደ መጀመሪያውኑ በደንብ አልተሳለም፤ ይህ ግን በቤት የሚስተካከል ነው።

ፎርጅድ ቪክቶሪኖክስ በየቦታው አለ። ዋናው መለያ ድምፁና መዝጊያው ነው። የኦሪጂናሉ እያንዳንዱ ምላስ ሲከፈት «ጣ» ብሎ ይቆማል፣ ሲዘጋም እንዲሁ። ፎርጅዱ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይላላል። በብርሃን አንጻር ስታዩት በምላሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል። ኦሪጂናሉ ላይ የድርጅቱ ስም በዋናው ስለት ሥር፣ ከእጀታው አጠገብ ተቀርጿል፤ ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ፊደሉ የተንጋደደ ወይም በቀለም ብቻ የታተመ ነው። «ደማስቆ» እያሉ የሚሸጡት ባለ ማዕበል ብረትም ብዙው ላዩ ላይ በአሲድ የተሳለ ጌጥ ነው። ለጌጡ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ብዙ መሣሪያ ያለው የስዊዝ ሰንጢ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ብዙ መሣሪያ የታጨቀበት ግን አያዋጣም። ቪክቶሪኖክስን ካርል ኤልዝነር በ1884 ነው የመሠረተው። ከ1891 ጀምሮ ለስዊስ ጦር ሰንጢ አቅርቧል። ወታደሩ የሚፈልገው ጠመንጃውን የሚፈታበትና ቆርቆሮ የሚከፍትበት ነገር ነበር፤ መሣሪያዎቹ የመጡት ከዚህ ነው። እኛም የምንፈልገው ብዙም አይለይም። ስለት፣ መብሻ፣ ብሎን መፍቻና ትንሽ መጋዝ። መጋዟ ትንሽ ብትመስልም የእጅ አውራ ጣት የሚያህል የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ቶሎ ትቆርጣለች። መብሻዋ ደግሞ ለጠፍርና ለከረጢት ስፌት ዋጋ አላት።

መሣሪያው ሲበዛ እጀታው ይወፍራል፣ ለመያዝ አይመችም፣ ኪስ ይቀድዳል። ከአራት አምስት መሣሪያ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት ያረጃል።

የአካባቢያችን ብረት ሠሪ የሚሠራው ቢላ ከውጭው ጋር ይወዳደራል?

ይወዳደራል፤ በአግባቡ ከተሠራ ከብዙ የውጭ ሰንጢ ይበልጣል። በአንኮበር በኩል ብረትና ሸክላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ዛሬ አብዛኛው ብረት ሠሪ የሚጠቀመው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ደግሞ ቀላል ብረት አይደለም። ካርቦኑ 0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ሥራውም የጭነት መኪና ክብደት ተሸክሞ ሳይሰበር መለጠጥ ነው። ለቢላ ስለት የሚሆን ብረት በነፃ በየጋራዡ ወድቆ አለ ማለት ይቻላል።

ልዩነቱን የሚያመጣው እሳቱ ነው። ቀጥቅጦ ቅርጽ ካወጣው በኋላ እንደገና አግሎ በዘይት ማቀዝቀዝ አለበት። ውሃ ውስጥ ከነከረው ባሌስትራው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ደግሞ ቀለል ባለ ሙቀት መልሶ ማሞቅ አለበት፤ የተወለወለው ብረት ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ ይበቃዋል። ይህን ሁለተኛውን ማሞቅ የሚዘል ሠሪ ቢላው እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። መንከሩንም የሚዘል ካለ ቢላው ይታጠፋል። እንግዲህ ስታዙ አፋችሁን ሞልታችሁ ጠይቁ፦ በምን ነው የምታቀዘቅዘው? መልሰህ ታሞቀዋለህ? ጥሩ ሠሪ በጥያቄው ደስ ይለዋል።

መፈተሻ ከፈለጋችሁ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱ ላይ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ነክሶ ብናኝ ካወጣ ለስላሳ ነው። የሚታጠፍ ሰንጢ ብዙዎቹ አይሠሩም፤ አጭር የማይታጠፍ ቢላ አሠሩና ቆዳ ከሚሠሩት ዘንድ አፎት አሰፉለት። ለመታጠፊያና ለመቆለፊያ የሚወጣው ገንዘብ በሙሉ ይቀራል፣ ጣት ላይ የሚዘጋ ነገርም አይኖርም። እነዚህን ባለሙያዎች በክፉ ቅጽል እየጠራን ማረሻችንንና ማጭዳችንን ከእጃቸው ስንቀበል መኖራችን ከልብ ያሳዝነኛል። ዋጋ ስትከራከሩም ከጭድና ከከሰል ጢስ ጋር የዋለውን ሰው እጅ አስቡ።

በበዓል በግ ለማረድና ለመግፈፍ ይሆናል?

ለማረድ አይሆንም። አጭር ነው፤ በጉንም ያሠቃያል። ለእሱ በደንብ የተሳለ ካራ አለ። ለመግፈፍ ግን ስለቱ ስስና ጫፉ ጎበጥ ያለ ሰንጢ ጥሩ ይሠራል፤ በተለይ እግሩ ዙሪያ ቆዳው የሚጣበቅበት ቦታ።

ችግሩ ከሥራው በኋላ ነው። ደምና ሞራ እጀታው ውስጥ፣ ስለቱ የሚታጠፍበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከላይ ጠርጋችሁት ብታጥፉት ከሁለት ቀን በኋላ ይሸታል። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስንጥቁን ፈትጉት፣ ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት። የእንጨት እጀታ ያለውን ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ እንጨቱ ይነፋና ስለቱን አልለቅም ይላል። ያንኑ ሰንጢ መልሳችሁ ለጥሬ ሥጋ የምታወጡ ከሆነ ይህን ማጠብ ፈጽሞ አትዝለሉ።

እንዴት ልሳለው? ግራይንደር ላይ ባስስለው ምን አለበት?

መካከለኛ ሰንጢ ደቃቅ የአሸዋ ድንጋይ ይበቃዋል። ውሃ አርከፍክፉበት። አቀማመጡን ለማግኘት የወረቀት ማዕዘን ወስዳችሁ እኩል እጠፉት፣ እንደገና እኩል እጠፉት፤ የቀረው 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለቱን በዚያ ያህል አንሥታችሁ ከሥር እስከ ጫፍ ግፉት። አንዱን ጎን ደጋግማችሁ ከሳላችሁ በኋላ አውራ ጣታችሁን ከሌላው ጎን፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ ጠርዝ፣ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱት። ሻካራ ጠርዝ ይሰማችኋል። ያ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ካልተሰማችሁ አልጨረሳችሁም። ሲሰማችሁ ጎኑን ቀይሩ። በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አለስልሱት።

ግራይንደር ግን የስንቱን ሰንጢ ዕድሜ አሳጠረ! ስለቱ ስስ ስለሆነ በጥቂት ሰከንድ ይግላል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ተጠግቷል፤ ተራ ካርቦን ብረት ከሆነ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ብትስሉት ቶሎ ይደንዛል። የግድ ከሆነባችሁ ሠራተኛውን በየመሐሉ ውሃ ውስጥ እንዲነክረው ለምኑት።

ውድ ሰንጢ ገዛሁ፣ አንዴ ደነዘ፣ ከዚያ በኋላ አልሳል አለ። ለምን?

ብልሽት አይደለም። የብረቱ ተፈጥሮ ነው። ብዙ ውድ ብረቶች ቫናዲየም የሚባል ንጥረ ነገር ተደባልቆባቸዋል። ቫናዲየሙ ከካርቦን ጋር ተዋህዶ በጣም ደቃቅና እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶች ይፈጥራል። ስለቱን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። የወንዝ ድንጋያችን ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን ከእነዚያ ቅንጣቶች ይለሰልሳል። ድንጋዩ በዙሪያቸው ያለውን ብረት ይበላል እንጂ ቅንጣቶቹን አይነካም። ሰውየው ግማሽ ቀን ይስላል፣ ስለቱ ግን እንደደነዘ ይቀራል።

መድኃኒቱ የዳይመንድ መሳያ፣ ማለትም የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት መሳያ ነው። ትንሿ ኪስ ውስጥ ትገባለች። እሷ በሌለችበት ቤት ግን ውድ ሰንጢ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ሞላሌ ወይም መሐል ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ቅርብ ያለው መሳያ ድንጋይና ሞረድ ከሆነ፣ 56 ሮክዌል የሆነ ብረት ከ62ቱ በብዙ ይጠቅመዋል። ቶሎ ይደንዛል፣ ቶሎም ይሳላል።

መንገድ ላይ ይዤው ብሄድ ችግር አለው?

የሥራ ዕቃ ስለሆነ በእርሻ፣ በሱቅና በቤት ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም። በአውቶቡስ ስትጓዙ ግን ኬላ ላይ ፍተሻ አለ፤ ከኪስ የወጣ ሰንጢ ጥያቄ ያስነሣል። ሻንጣ ውስጥ ከሌሎች የሥራ ዕቃዎች ጋር አድርጉት። ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ቦታ፣ ስታዲየምም ሆነ ስብሰባ፣ ቤት ትታችሁት ሂዱ። በአውሮፕላን እጃችሁ ላይ በሚቆየው ቦርሳ አይፈቀድም። ውዱም ርካሹም ይወረሳል፤ ውዱ ሲወረስ ግን ያንገበግባል።

ውጭ ያለው ዘመዴ «ሰንጢ ላምጣልህ» ብሎኛል። ምን ልበለው?

አንድ መካከለኛ ሰንጢና አንድ የዳይመንድ መሳያ በሉት። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ውድ ሰንጢ ዋጋ ያንሳሉ። የመሳያው ጥቅም ደግሞ ለሰንጢው ብቻ አይደለም፤ የእናታችሁን የወጥ ቤት ቢላ ሁሉ ይስላል። በጭነት ሻንጣ እንዲያስገባው አስታውሱት።

ለአባት ወይም ለአያት ከሆነ አከፋፈቱን አስቡ። በጥፍር ተስቦ የሚከፈት ሰንጢ በደጋ ብርድ፣ በደነዘዘ ጣት ያስቸግራል። ጥፍር የማይጠይቅ፣ እጀታው ወፈር ያለ ምረጡላቸው። ደማቅ ቀለም ያለው ማሰሪያም እሰሩበት። ሰንጢ ከሚሰበረው ይልቅ ሣር ውስጥ ወድቆ የሚቀረው ይበዛል።

የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ይላሉ። ይህ ዋጋውን አያካክሰውም?

እዚህ ለምንኖር እምብዛም አያካክሰውም። ዋስትናው የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው፤ ጠርሙስ ሲከፈትበት የተሰበረ ጫፍን አይደለም። ጉድለት ቢኖርም ሰንጢውን ወደ ውጭ መላክና መልሶ መቀበል ይጠይቃል። የመላኪያው ወጪ መካከለኛውን ሰንጢ አዲስ ይገዛል።

ታዲያ ውዱን መግዛት ያለበት ሰው የለም ማለት ነው?

አለ፣ ግን ብዙዎች የሚገምቱት ሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ካርቶንና ላስቲክ የሚቆርጥ የደብረ ብርሃን የመጋዘን ሠራተኛ ውድ ሰንጢ የሚያስፈልገው ይመስላል። ካርቶን እውነትም ስለት ይበላል። ለእሱ ግን ምላጩ የሚቀየር ካተር በጥቂት ብር ሥራውን ይጨርሳል። የፍራፍሬ ችግኝ የሚያዳቅልም ሰው ለማዳቀል ተብሎ የተሠራ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ቢላ ያስፈልገዋል። ያም ቢሆን በመካከለኛ ዋጋ ይገኛል።

ውዱ የሚጠቅመው ሳይስል ብዙ ቀን ሜዳ ላይ ለሚውል ነው። መንዝ ጓሳ በሚባለው ጥብቅ ቦታ እንግዳ የሚመራ ሰው፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ የበግ ሰኮና የሚያስተካክል የእንስሳት ባለሙያ። የክረምት ሰኮና ጭቃና ጠጠር የታጨቀበት ነው፤ ለስላሳ ብረት ሦስተኛው በግ ላይ ሲደርስ ደንዟል። እንዲህ ላለ ሰው ዳይመንድ መሳያውን አብሮ ከገዛ ገንዘቡ ሜዳ ላይ አልወደቀም። ሌላው ደግሞ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነገር እጁ ላይ ሲይዝ ደስ የሚለው፣ ገንዘቡም የልጆቹን ጉሮሮ የማይነካ ሰው ነው። እሱ ለማንም ምክንያት ማቅረብ የለበትም። ብቻ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ እንዳያስቀምጠው፤ ብርቱካን ይላጥበት፣ ገመድ ይቁረጥበት።